«ቲቸር፣ 23 ጊዜ እህም ብለዋል»

ፌስቡክ ላይ ረጅም ነገር መጻፍ አላውቅበትም። ልጆቼም «እማዬ፣ ታሳፍሪናለሽ» ይሉኛል። ዛሬ ግን የምስጋና ዕዳ አለብኝ። ዕዳው የአንድ ወጣት የንግግር ቴራፒስት ነው። ቀኑም ገጥሞልኛል። ሚያዝያ 8፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 16፣ የዓለም የድምፅ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚል ውስጥ ነው የተጀመረው። እንዲህ ያለ ቀን መኖሩን የሰማሁትም ከእሱ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። «ሥራውን ያመስግኑ፣ ስሜን ይተዉት» ብሎኛል። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኩን እሰጣለሁ።

የአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። 21 ዓመት ሆኖኛል። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። መስኮታችን ወደ አስፋልቱ ነው የሚከፈተው። የታክሲ ረዳቱ ከውጭ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል፣ እኔ ከውስጥ «ሰባት ሲባዛ በስምንት!» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ።

አምና ጥቅምት ላይ ድምፄ ሻከረ። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ጠዋት ደህና እገባለሁ፣ ከምሳ በኋላ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ ይላል። ኅዳር ላይ ጠዋትም አልመለስ አለ። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘመር አፌን ብቻ ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ስልክ አንስቼ «አቤት» ስል፣ «ጋሼ፣ ባለቤትዎ አሉ?» ተባልኩ። ቤተሰቡ በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ደስ ብሎኝ አልነበረም።

ያልሞከርኩት የለም። ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ፣ ጎረቤቴ ያዘዙልኝ ጥሬ እንቁላል ሳይቀር። ከአንድ ፋርማሲ አሞክሳሲሊን ተሸጠልኝ፣ ሁለት ዙር ጨረስኩት። ድምፄን ላሳርፍ ብዬም ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማውራት ያዝኩ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነበር፦ «የሙያችን በሽታ ነው፣ ቻይው።» ከሁሉም የጎዳኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም አምኜው ነበር።

ከቴራፒስቱ ጋር የተገናኘነው በእኔ ጉዳይ አይደለም። የወንድሜ ልጅ አፍ መፍታት ዘግይቶበት እሱ ጋ ይመላለስ ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ። ስለ ልጁ ጥቂት እንዳወራሁ አቋረጠኝ።

«ቲቸር፣ ድምፅዎ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከጥቅምት ጀምሮ።»

«አሁን እኮ የካቲት ነው» አለኝ።

የእኔን ነገር ያስተዋለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የንግግር ቴራፒ የሚባለው ለሕፃናትና ለሚንተባተብ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ድምፅም እንደ ወገብና እንደ ጉልበት ስፖርት እየተሰጠው እንደሚታከም አላውቅም ነበር።

እኔ እዚያው እንዲጀምርልኝ ፈለግኩ። እሱ እምቢ አለ። የአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ ሳያይሽ አንዲት ልምምድ አላሠራሽም ማለቱ ነው፤ በእርግጥ በአክብሮት «አላሠራዎትም» ነው ያለው። ድምፅ ከሻከረ 4 ሳምንት ካለፈው መታየት አለበት አለኝ። መጎርነን የብዙ ነገር ምልክት ነው። ድምፅን ያለቅጥ ከመጠቀም ሊመጣ ይችላል። ከእንቅርት ቀዶ ጥገና በኋላ ነርቭ ተነክቶ አንደኛው የድምፅ አውታር ሽባ ሲሆንም ይመጣል። አልፎ አልፎ ደግሞ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው። ምክንያቱ ሳይለይ ሁሉንም ሰው ስፖርት ማሠራት አይቻልም። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ተቀብሎኝ ነበር።

ሐኪሟ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብታ ማንቁርቴን በስክሪን አሳየችኝ። ሁለት ነጣ ያሉ መጋረጃዎች፣ የድምፅ አውታሮቼ፣ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። መሐላቸው ላይ፣ ፊት ለፊት ትይዩ፣ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች። ኖዱል ይባላል አለችኝ። «መጥረቢያ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ መጅ ያወጣ የለ? ያ ማለት ነው።» በዚያ መጅ የተነሳ አውታሮቹ ገጥመው አይዘጉም፣ አየር ያፈሳሉ። ለቢላ አትቸኩይ፣ መጀመሪያ ቴራፒ ብላ ወደዚያው ቴራፒስት መለሰችኝ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ውሎዬ አስወራኝ። እያወራሁ እሱ ወረቀት ላይ ጭረት ይጭራል። የምናገረውን የሚጽፍ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ ወረቀቱን አዞረልኝና «ቲቸር፣ 23 ጊዜ እህም ብለዋል» አለኝ። አፈርኩ። ጉሮሮዬን እንደምጠርግ እንኳ አላውቅም ነበር። እያንዳንዱ «እህም» ሁለቱን አውታሮች በኃይል እንደማላተም ነው፣ በጠረግሽ ቁጥር ይቆጣል፣ በተቆጣ ቁጥር መጥረግ ያምርሻል አለኝ። ሲያምረኝ ምራቄን እንድውጥ ወይም አንድ ጉንጭ ውሃ እንድጎነጭ ነገረኝ። ይህችን አንዲቷን ልማድ ለመተው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የሒሳብ አስተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ እስክሪብቶ ሰጠኝ። የሴት የድምፅ አውታር ስትናገር በሴኮንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በቀን 5 ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ አንዱ 40 ደቂቃ። ግማሹን ብቻ እናገራለሁ ብንል 100 ደቂቃ፣ ማለትም 6,000 ሴኮንድ። አባዛሁት። 1,200,000። ቤት ገብቼ ልጆቼ ላይ የምጮኸው ሳይቆጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ «መጅ» ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

በአንድ ትንፋሽ «ኣ» ብዬ እንድቆይ አደረገኝ። 7 ሴኮንድ ላይ ተቆረጠ።

የሚያሠራው ነገር መጀመሪያ ያስቃል። ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ድረስ ውሃ፣ ስትሮ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ገባ ይላል፣ ከዚያ በስትሮው ውስጥ «ዉዉዉ» ማለት ነው። ውሃው ይንቦጫቦጫል። ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ «ሺሻ ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ። ነገሩ ግን ምክንያት አለው። በስትሮው በኩል የሚመለሰው የአየር ግፊት አውታሮቹን ደገፍ አድርጎ ስለሚይዛቸው ክፉኛ ሳይላተሙ ይርገበገባሉ። ከዚያ ከንፈርን እንደ ፈረስ «ብርርር» ማድረግ አለ። ከዚያ «እምምም» እያሉ ንዝረቱን ጉሮሮ ላይ ሳይሆን ከንፈርና አፍንጫ አካባቢ መፈለግ። እኔ ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬን ሰቅዬ፣ አየር ከጨረስኩ በኋላ ነበር የምናገረው። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ሲነፋ እንዲሰማኝ አስተማረኝ።

በአራተኛው ሳምንት የክፍሌን የስም መጥሪያ ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። በ«ም» የሚጀምሩትን አስመረጠኝ። «እምም-ማህሌት። እምም-ሚኪያስ። እምም-ሜሮን።» ሜሮን ላይ ስደርስ የራሴን ድምፅ ሰማሁት፤ የድሮውን። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «አሁን ደግሞ ሙሉ ክፍሉን» አለኝ።

ዐቢይ ጾም መሐል ላይ ገባ። እስከ 9 ሰዓት ውሃ አልቀምስም ስለው ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጣም። የምንጠጣው ውሃ በድምፅ አውታር ላይ አያልፍም፣ በሌላ ቧንቧ ነው የሚወርደው፤ አውታሩ የሚረጥበው ሰውነት ሲረጥብ ነው አለኝ። ስለዚህ ማታ ማታ በደንብ እንድጠጣ፣ ከባዱን ትምህርት ጠዋት እንዳደርግ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰሌዳ ላይ እንዳሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሙቅ ውሃ እንፋሎት እንድስብ አመቻቸልኝ። ማሩና ዝንጅብሉስ? ደስ ካለሽ ጠጪ፣ መጅ ግን አያሟሟም። ቡናዬንም አልከለከለኝም። የከለከለኝ ቡናው ላይ የማጨሰውን ዕጣን እና ማታ 4 ሰዓት በልቼ ወዲያው መተኛቴን ነው። የጨጓራ አሲድ ተኝተሽ ወደ ላይ ሲመጣ ማንቁርትን ይልጣል አለኝ። ሹክሹክታዬንም አስተወኝ፤ ለካ ጨቁኖ ማንሾካሾክም ያደክማል።

ቅሬታ አላጣሁም። ቀጠሮው ሩቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰረዘብሽ ሁለት ሳምንት ትጠብቂያለሽ። ደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ልምምዱም አሰልቺ ነው፣ እውነቱን ልናገር። በቀን አራት አምስቴ፣ በየጊዜው ሦስት ደቂቃ። ካልሠራሽ ከፊትሽ ያውቃል፣ ከድምፅሽም ያውቃል። አንድ ሳምንት ዋሽቼው ነበር። «ቲቸር፣ ተማሪዎችዎ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲመጡ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

10 ሳምንት ተመላለስኩ። ግንቦት መጨረሻ ላይ «ኣ» 17 ሴኮንድ ሆነች። ሐኪሟ ድጋሚ በካሜራ አየችኝ። አንደኛው ኖዱል የለም፣ ሌላኛው ነጥብ አክሏል። ድምፄ እንደ 25 ዓመቴ አልሆነም፣ ቃል የገባልኝም የለም። ስልክ ላይ ግን «ጋሼ» የሚለኝ ጠፍቷል።

ከበሽታው በላይ ያተረፍኩት ግን ክፍል ውስጥ ነው። ጸጥታ ለማስከበር አልጮህም። ሦስት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ ልጆቹ ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ፣ አለቀ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አልናገርም። በታክሲው ረዳት ሰዓት መስኮቱን እዘጋለሁ። ከመርካቶ ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ማይክ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ «ቲቸር ዘፋኝ ሆኑ» ብለው አለቁ፣ በሦስተኛው ቀን ረሱት።

ቴራፒስቱን ደግሞ በመስከረም ትምህርት ቤታችን ጋበዝነው። ሳንቲም ሳይቀበል ለመምህራኑ አንድ ሰዓት ሰጠን። «ቻይው» ሲሉኝ የነበሩት ባልደረቦቼ ስትሮ ይዘው ሲያንቦጫቡጩ ማየት ነበረባችሁ። ከመካከላቸው የአማርኛው አስተማሪ ሳይታይ ስድስት ወር የቆየ መጎርነን ነበረበት። እሱንም መጀመሪያ ወደ ካሜራ ነው የላከው።

አስተማሪዎች፣ መዘምራን፣ ቅዳሴ የምትቀድሱ፣ አዛን የምታደርጉ፣ የኮል ሴንተር ልጆች፣ የታክሲ ረዳቶችም ጭምር፣ ድምፃችሁ ከወር በላይ ከሻከረ መጀመሪያ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ከዚያ ስልኩን ጠይቁኝ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት አያነሳም፣ አትቀየሙት። ሲያነሳ ደግሞ በ«እህም» እንዳትጀምሩ። ይቆጥራል።