ታይዋን የሚሸጠው የቼዝ ዕቃ፦ ጠጠሩ ደህና፣ ሰዓቱ ግን ይፈተሽ

ሰዓት ይዘው ለሚጋጠሙ አማተሮች፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከሚገኘው ውስጥ የሚሆነው ተጠቅላይ ሰሌዳ፣ ሆዳቸው በብረት የከበደ የፕላስቲክ ጠጠሮችና ዲጂታል ሰዓት ያለው ነው። ማግኔት ያለው ተጣጣፊው ለጅቡቲ ባቡር ይሁን፤ ከማነሱ የተነሳ በጥድፊያ ጳጳሱና ወታደሩ ይምታታሉ።

ጠጠሮቹ አያሳፍሩም። ንጉሡ 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን የሚመክረው ቁመት። የሰሌዳው ቤት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ማስመሪያ ከሌለ አራት ወታደሮች አንድ ቤት ውስጥ መግባታቸውን ማየት ይበቃል። ክብደቱን አትናቁ፦ ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር አይቀመጥም፣ ባዶ ፕላስቲክ ደግሞ በትንሽ ንፋስ ይወድቃል። ንጉሡን ዘንበል አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ራሱን ችሎ ካልቆመ ተዉት።

ጠጠሩንም ቁጠሩ። 34 ከሆነ ሁለቱ ትርፍ ንግሥቶች ናቸው። ወታደር ጫፍ ሲደርስ ግንብ ገልብጦ «ንግሥት ናት» ማለት ሰፈር ውስጥ ያስኬዳል፤ ዳኛ ፊት ግን የተገለበጠ ግንብ ያው ግንብ ነው። ንግሥት ከጠፋች ሰዓቱን አቁሞ ዳኛውን መጠየቅ ይፈቀዳል።

ሰሌዳው ከተጠቀለለበት ሲፈታ ጠርዙ ይነሳል። ወደ ተቃራኒው ጠቅልሎ ማሳደር ያስተካክለዋል። ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ግን አትተዉት።

ጣጣው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ለ15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው ከሚደመር የ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ሲሞላ፣ 60 እርምጃ የሄደ ተጫዋች በድምሩ 25 ደቂቃ ያገኛል። አንዳንዱ ርካሽ ሰዓት ግን «ጭማሪ» እያለ የሚሰጠው መዘግየት ብቻ ነው፣ ማለትም መቁጠር ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ይጠብቃል፤ ያልተጠቀማችሁበት ሰከንድ አይጠራቀምም። መለያው ቀላል ነው፦ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ሙሉና ሁለቱንም ወገን ቶሎ ቶሎ አራት አምስት ጊዜ ተጫኑ። ከ5 ደቂቃ በላይ ካልወጣ ጭማሪ የለውም፣ ለሻጩ መልሱ። ቁልፉም እስከ ታች ካልተጫነ ሰዓቱ ወደ ተጋጣሚው አይዞርም፤ በጥድፊያ ነካ አድርጎ የሚያልፍ የራሱን ጊዜ ያስበላል።

የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት የሰዓቱ መስኮት ይጠቁርና ቁጥሩ አይነበብም፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ስትጋጠሙ ጥላው ከሸሸ ጠረጴዛውን ሳቡት እንጂ ሰዓቱን ብቻ ወደ ሌላው ወገን አታዙሩ፣ ጭቅጭቅ ያመጣል።