የሰው ኢጂኤፍ ፕሮቲን፦ የሁለት ብልቃጦች ግምገማ

ላቦራቶሪያችን የጡት ካንሰርን አጀማመር የሚያጠናው በአብዛኛው ኤምሲኤፍ 10ኤ በሚባሉ የሰው የጡት ሴሎች ላይ ሲሆን፣ እነዚህ ሴሎች በሚያድጉበት ፈሳሽ ውስጥ በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ያህል ኢጂኤፍ (ሴሎች እንዲባዙ የሚያነሣሣ የዕድገት ፋክተር) ካልተጨመረላቸው በደንብ አይባዙም። ስለዚህ ባለፈው አንድ ዓመት ባለ 100 ማይክሮግራም የሪኮምቢናንት (ጂኑ በገባለት ሌላ ሴል የተመረተ) ኢጂኤፍ ብልቃጥ ሁለት ጊዜ ገዝተናል፤ ሦስተኛውንም በቅርቡ አዝዘናል።

ኢጂኤፍን ስታንሊ ኮኸን መጀመሪያ ያገኘው ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዕድገት ፋክተሮች ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። እኛ የገዛነው ግን የሰው ጂን የገባለት ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ያመረተው ነው። ፕሮቲኑ 53 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት፣ ክብደቱም 6 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ አጭር ሰንሰለት ሲሆን፣ ሥራውን ለመሥራት ስኳር እንዲለጠፍበት አያስፈልገውም፤ በመሆኑም ስኳር መለጠፍ በሚችል የአጥቢ እንስሳ ሴል ተመርቷል ለሚባለው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል፣ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ጥቅሙ አይታየኝም። የሚያስፈልገው ትክክለኛ አተጣጠፍ ነው። የሰንሰለቱን ቅርጽ የሚይዙት ሦስት የዳይሰልፋይድ (የሰልፈር) ማሰሪያዎች ናቸው፤ በባክቴሪያ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ማሰሪያዎች በየቦታቸው ላይገጥሙ ይችላሉ። ከብልቃጡ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ «ንጽሕናው ከ98 በመቶ በላይ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ስለዚህ ጉዳይ እምብዛም አይናገርም፤ ተጣሞ የታጠፈውም ፕሮቲኖችን በመጠን በሚለይ ጄል ላይ እንደ ደኅናው በአንድ መስመር ሊታይ ይችላልና። ገዢ ማየት ያለበት የንጽሕናውን ቁጥር ሳይሆን ፕሮቲኑ በሴል ላይ ያሳየውን ውጤት ነው።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ የፈተንነው ኤ431 በሚባሉ የሰው የካንሰር ሴሎች ነው። ሴሎቹን ያለ ሴረም (የዕድገት ፋክተሮች ያሉበት የደም ፈሳሽ) አሳድረን፣ ጠዋት በሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም ለ10 ደቂቃ ሰጥተን፣ በሴሉ ላይ ያለው የኢጂኤፍ ተቀባይ ፎስፌት መያዙን፣ ማለትም መነቃቃቱን፣ በዌስተርን ብሎት (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ስናይ፣ ካልተሰጣቸው ሴሎች ጋር የነበረው ልዩነት የሚያከራክር አልነበረም። (አንድ ተማሪያችን ፕሮቲኑን በእነዚሁ ሴሎች ዕድገት ሊፈትን ሞክሮ፣ ሴሎቹ በመብዛት ፈንታ ሲቀንሱ አይቶ ብልቃጡን ሊያስጥለን ነበር፤ ኤ431 የኢጂኤፍ ተቀባይ ከመጠን በላይ ስላለው፣ ፕሮቲኑ በብዛት ሲሰጠው ዕድገቱ እንደሚገታ ዘንግቶ።)

ሁለተኛው ብልቃጥ ሲመጣ ሴሎቻችን ቀርፋፋ ሆኑ። ለአቅራቢው ብንጽፍ የደረሰን መልስ የዚያን ሎት (በአንድ ዙር የተመረተውን) ውጤት ሳይሆን የምርቱን የተለመደ የጥራት መግለጫ የያዘ ነበር። ይህ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው፤ ሴሎቻችን ላይ የምንጨምረው በእጃችን ያለውን ሎት ነውና። ሐቁን ለመናገር ግን ጥፋቱ በከፊል የእኛ ነበር። የመጀመሪያው ብልቃጥ አልቡሚን (ሌላው ፕሮቲን ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ የሚረዳ የደም ፕሮቲን) የተጨመረበት ሲሆን ሁለተኛው አልቡሚን የሌለው ነው፤ ይህን የሚናገረው በምርት ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለ አንድ ምልክት ብቻ ስለነበር፣ ሳናስተውል በንጹሕ ውኃ ካሟሟነው በኋላ አብዛኛውን አቅጥነን በፕላስቲክ ቱቦ አስቀመጥነው። እንዲህ የቀጠነ ፕሮቲን ከቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳናቀጥን ያቆየነውን ጥቂት ፈሳሽ 0.1 በመቶ አልቡሚን ባለው ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ስናዘጋጅ ሴሎቹ ወደ ቀድሞ ፍጥነታቸው ተመለሱ። አልቡሚን የሌለውን መግዛት የሚገባው ፕሮቲኑ ላይ ቀለም ለሚያስሩ ወይም በማስ ስፔክትሮሜትሪ ለሚለኩ ሰዎች ነው።

ዱቄቱ ከብልቃጡ ግድግዳና ክዳን ላይ ስለሚቀር ከመክፈት በፊት በሴንትሪፉጅ ማዞር ያስፈልጋል። እኛ በ1 ሚሊ ሊትር አሟሙተን በ10 ቱቦ እንከፍለዋለን፤ እያንዳንዱ 100 ማይክሮሊትር ለአንድ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ልክ ስለሚሆን፣ የቀዘቀዘውን ደጋግሞ ማቅለጥ አይኖርም። በቅዝቃዜ የደረቀው ዱቄት በመንገድ ላይ ጥቂት ቀን ያለ በረዶ መቆየቱ ብዙ አያሰጋም፤ ከሟሟ በኋላ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ኢንዶቶክሲኑ (ከባክቴሪያው ሊቀር የሚችለው መርዝ) በማይክሮግራም ከ1 ዩኒት በታች መሆኑ፣ በምንጠቀመው መጠን ሲሰላ በሚሊ ሊትር ከ0.02 ዩኒት ስለማይበልጥ፣ ለጡት ሴሎቻችን በቂ ነው።

ሦስተኛውን ያዘዝነው አልቡሚን ያለበትን ሲሆን፣ የሎቱ የራሱ የፈተና ውጤት ከብልቃጡ ጋር እንዲላክልን በትዕዛዙ ላይ ጽፈናል። እስካሁን መልስ አልመጣም።