ቢዋይዲ ሲጋል በአዲስ አበባ፦ ከመኪናዋ በፊት ሶኬቱን

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አነስ ያለች መኪና የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በቻይናዋ የኤሌክትሪክ መኪና በቢዋይዲ ሲጋል ላይ ነው። ለከተማ ኑሮ ከልብ የምትመከር መኪና ናት። ነገር ግን ሲጋል ገዝቶ የተደሰተውንና የተማረረውን ሰው የሚለያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቤታቸው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሽቦና ስለ ስፒና ብዙ ይወራል።

መጀመሪያ መኪናዋን እንይ። ርዝመቷ 3.78 ሜትር ነው፤ መርካቶም ሆነ ፒያሳ ሌላው መኪና ያለፈውን ክፍተት እሷ ትገባበታለች። የምትጭነው አራት ሰው ብቻ ነው፤ የኋላ ወንበሯ ለሁለት ሰው የተሠራ ስለሆነ ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከወዲሁ ሌላ ቢያይ ይሻለዋል። ሞተሯ 55 ኪሎዋት፣ ጉልበቷ 135 ኒውተን ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። የነዳጅ ሞተር ግን ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና ይህ አይነካውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አራት ሰው ጭና ስትወጣ ካምቢዮ መቀነስ የለ፣ ማቃሰት የለ። የሚገፋት የፊት ጎማ ስለሆነ ግን በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ዳገት ላይ በድንገት ሲረገጥ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፤ ቀስ ብሎ መርገጥ ነው መፍትሔው።

ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ባትሪውን ይሞላል፤ ለፍሬን ሸራም ዕረፍት ነው። 500 ሜትር ከፍታ መውጣት ከተለመደው ፍጆታ በላይ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ስትወርድ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ይመለሳል። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ግን የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ስለሌለው ሥራው ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ቤቱ ዳገት አናት ላይ የሆነ ሰው ለማግስቱ ጠዋት 90 በመቶ ላይ ቢያቆመው ጥሩ ነው።

ስለ ርቀት ሻጮች የሚጠሩት 305 እና 405 ኪሎሜትር በቻይና መለኪያ የተገኘ ነው። መኪናዋ በሁለት ዓይነት ባትሪ ትመጣለች፦ 405 የሚባለው ትልቁ 38.88፣ 305 የሚባለው ትንሹ 30.08 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በከተማ ትራፊክ ውስጥ ለ100 ኪሎሜትር ከ10 እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ትወስዳለች ብሎ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ ትልቁን የገዛ ሰው ከተማ ውስጥ 300 ኪሎሜትር ያለ ሐሳብ ይሄዳል። በአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ በሰዓት 100 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ሲነዳ ነገሩ ይለወጣል፤ የነፋሱ ግፊት ፍጆታውን ወደ 15 ያደርሰዋል። አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል፣ ስትሄድ የታየው ፍጆታ ስትመለስ አይደገምም፤ ለዳገቱ ብቻ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይጨመራል። በትልቁ ባትሪ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ በትንሹ ግን አዳማ ላይ ቻርጅ ሳያደርጉ መመለስ አይመከርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቤት ሶኬት ላይ የሚሰካው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 16 አምፔር ሲስብ 3.5 ኪሎዋት ነው። ትልቁን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በ10 አምፔር 12 ሰዓት። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው የሚተካው 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ 10 አምፔር ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ አያስፈልገውም። ብዙ ቤት ግን ከመጀመሪያው ቀን 16 ላይ ይሰካል፤ ያውም በቻይና ጠፍጣፋ ስፒና ላይ ርካሽ አዳፕተር ተደርጎ፣ አንዳንዴም በዲቫይደር። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የሚሠራው ግን ለአንድ ሁለት ሰዓት ነው። መኪና ያንኑ ያህል ኃይል ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ላላ ያለ የአዳፕተር እግር በዚህ ጊዜ ይግላል፣ ሲግል ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። መጀመሪያ የስፒናው ነጭ ፕላስቲክ ወደ ቡኒ ይቀየራል፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ቡኒው ከታየ ሶኬቱም አዳፕተሩም መጣል አለባቸው፤ በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል ቤት ያቃጥላል።

ትክክለኛው አሠራር ውድ አይደለም። ከቆጣሪው ሳጥን ለመኪናዋ ብቻ የሚሄድ መስመር ይዘርጋ፦ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 6። 20 አምፔር ብሬከር፣ ከእሱ ጋር ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ፣ ሰውን ከመያዝ የሚጠብቅ መከላከያ። አዳፕተር ከመጠቀም ለቻርጀሩ ስፒና የሚሆነውን ባለ 16 አምፔር ሶኬት ራሱን ግድግዳ ላይ መግጠም ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ። ብዙ የቆዩ ቤቶች ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ይኖራቸዋል፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ አልሞላም የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ሠራተኛ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ ቀዩን መብራት ያጠፋል። ይህን በፍጹም አትፍቀዱ፤ ኒውትራሉ ከፖል ላይ የተቋረጠ ዕለት የመኪናዋ ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ይቀበር፣ ሽቦውም ከእሱ ይምጣ። የቻርጀሩ ሳጥን መሬት ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ በክረምት ጎርፍ ውስጥ የሚተኛው እሱ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አብዛኞቹ ቻርጀሮች ራሳቸው ይቀጥላሉ፤ የእናንተው ይቀጥል እንደሆነ ብሬከሩን አጥፍቶ በማብራት መሞከር ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖርና መኪና ማቆሚያው ላይ የራሱ መስመር የሌለው ሰውስ? ከአራተኛ ፎቅ ኤክስቴንሽን ማውረድ መፍትሔ አይደለም። ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ መንገድ ላይ የከፈተው ክፍያው በቴሌብር ነው። ሲጋል ግን በፈጣን ቻርጅ የምትቀበለው ትልቁ ባትሪ እስከ 40፣ ትንሹ እስከ 30 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ባለ 120 ኪሎዋት ማሽን ላይ ቢሰለፉ ፍጥነቱ አይጨምርም። ከ30 ወደ 80 በመቶ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ከ80 በላይ ይንቀራፈፋል። ወረፋ ባለበት ከ80 በኋላ መንቀል ጨዋነትም ነው። ባትሪው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ስለሆነ በሳምንት አንዴ በዝግታ እስከ 100 ይሙላ፤ አለበለዚያ የመቶኛ ቆጣሪው ትክክለኛነቱን ያጣል፣ 15 ያለው በድንገት 5 ይሆናል።

ትልቁ ድክመቷ ሆዷ ለመሬት ቅርብ መሆኑ ነው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ተነጥፏል። ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ገደድ ብሎ መውጣት፣ ክዳን የሌለው ማንሆል ያለበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጉድጓዱ በላይ አደገኛው ጎሚስታው ነው፦ ክሪኩን እንደ ቪትዝ ወለሉ መሃል ላይ ከደገፈው የባትሪውን ሳጥን ይወጋዋል። ክሪክ የሚገባው ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት ምልክት ያለበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። አጠገቡ ቆሞ ማሳየት ተገቢ ነው። የትልቁ ሞዴል ጎማ 175/55 አር 16 ነው፤ በየጎሚስታው የሚገኝ ቁጥር ስላልሆነ ሁለት ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይረዳል።

በአስመጪ የሚገቡት ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የስልክ መተግበሪያውና የድምፅ ትእዛዙ እዚህ ብዙም አይጠቅሙም፤ ስክሪኑ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሩን ግን ከመግዛት በፊት ማየት ይገባል። ትንሹ ባትሪ 405 ተብሎ እንዳይሸጥም፣ በሩ ምሰሶ አካባቢ ያለውን የፋብሪካ ጽሑፍ ማንበብ ነው፦ የባትሪው ቮልትና አምፔር ሰዓት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 38 ከምናምን መምጣት አለበት። 30 ከመጣ ዋጋው ሌላ ነው። ከዚያ ሻጩ ቻርጀሩን ሰክቶ ለ10 ደቂቃ እንዲተወው ማድረግ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚገባውን ኪሎዋት ማንበብ፣ ስፒናውን በእጅ ዳስሶ መጋሉን ማየት፤ ክፍያው ከዚህ በኋላ ይሁን።