ሾርትከት ቫይረስን ከሱቄ ያስወጣልኝ ሊኑክስ ሚንት

ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ ሾርትከት ቫይረስን ያውቀዋል። ደንበኛ ፍላሽ ይሰጣል፣ ይሰካል፤ የፎልደሮቹ ስም እንዳለ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። አንዱን ከፍቶ ያየ ማሽኑን አስያዘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ቫይረሱን ይዞ ይወጣል፤ የሱቁም ስም አብሮ ይበላሻል። ፒያሳ ባለችው ሱቄ ዊንዶውስን እንደገና ማስጫን እንደ ቤት ኪራይ የማይቀር ወጪ ሆኖብኝ ነበር።

ይህን ያስቀረልኝ ሊኑክስ ሚንት የሚባለው፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው። ከጥቅምት ወዲህ ደንበኛ በማስተናግድበት ማሽን ላይ ሌላ ሲስተም የለም። መጻፉም፣ ማተሙም፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል፤ ፕሪንተሩ ሲዲ ሳይጠይቅ ገና ሲሰካ ታወቀ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ፍላሹ ነው።

ባለፈው አንዲት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጣች። ሌላ ቤት ሞክራ «ፍላሹ ፎርማት መደረግ አለበት» ተብላለች። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም» አለችኝ፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «አብሽሪ፣ እንየው» ብዬ ሰካሁት። ሚንት ላይ ሁሉም ነገር ግልጥልጥ ብሎ ወጣ፦ መጨረሻቸው ኤል ኤን ኬ የሆኑት ሐሰተኛ አቋራጮች፣ አንድ የቪቢኤስ ፋይል (ዊንዶውስ የሚፈጽመው ትእዛዝ የተጻፈበት)፣ እና ስሙ ባዶ የሆነ አንድ ፎልደር። ያንን ባዶ ስም ስከፍተው ምዕራፎቿ ከነሥዕላዊ መግለጫቸው ውስጡ ተቀምጠዋል። ወደ ዴስክቶፕ ገለበጥኳቸው፣ ፍላሹ ላይ ያለውን በሙሉ አጠፋሁ፣ ንጹሑን መልሼ ጫንኩላት። ከዚያ አተምን።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሻጮች ይህን አያስረዱም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ዊንዶውስ እንዲደብቃቸው «ስውር» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል፤ በቦታቸው አቋራጭ ያስቀምጣል። አቋራጩ ሲነካ ቪቢኤሱ ይነሳል። ሊኑክስ ግን ፋይል የሚደብቀው ስሙ በነጥብ ሲጀምር ብቻ ነው፤ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቪቢኤሱንም የሚያስነሳለት ፕሮግራም ሚንት ላይ የለም፤ የሞተ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ገልብጦ መመለሱ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ምልክቱ ፍላሹ ላይ ስላለ ነው፤ አቋራጮቹን ብቻ አጥፍተን ብንሰጣት ቤቷ ዊንዶውስ ላይ ፍላሹ ባዶ መስሎ ይታያት ነበር። አዲስ ሆኖ ሲገለበጥ ምልክቱ አብሮ አይሄድም።

ኮምፒውተር ቤት ያለ ሻጭ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ጋሼ፣ አንቲቫይረስ ይግዙ እንጂ፤ ሊኑክስ ለፕሮግራመር ነው።» ገዝቻለሁ። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር አፕዴቱ ይቀራል፤ አፕዴቱ ሲቀር አዲሱ ቫይረስ ያልፋል። ይባስ ብሎ የደንበኛን ፋይል ከቫይረሱ ጋር ጠራርጎ ወስዶብኛል፤ ያን ቀን ለደንበኛው ምን ብዬ እንደምመልስ ጨንቆኝ ነበር። «ነፃ ነገር ምን ዋጋ አለው?» ለሚለውም መልስ አለኝ። የሊኑክስ አካሄድ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ከጀመሩት ዩኒክስ የተወሰደ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ አስኳል፣ ዛሬ ሻጩ ራሱ ኪስ ውስጥ ያለውን አንድሮይድ ስልክ ያንቀሳቅሳል። ያንን ስልክ ለፕሮግራመር ብቻ ነው ብሎ የሚሸጥ አላየሁም።

ከዩኒክስ መሰሎቹ መካከል ሚንትን የመረጥኩት ለጀማሪ ስለሚቀል ነው። ማሽኔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል አያሟላም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ሊኑክስ ሞክሬው ጎተት አለብኝ። ፍሪቢኤስዲን ያመሰገነልኝ ልጅ ነበር፤ ጠንካራ ሲስተም መሆኑን አልክድም፣ ነገር ግን ዴስክቶፑን ራስ ገጣጥሞ ማዘጋጀት ይጠይቃል፤ ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ የሚሆን አይደለም። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው የሚንት ዓይነት ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው፣ ሜኑውም ከታች በግራ በኩል፣ እጅ የለመደው ቦታ ላይ ነው። ሚንት 22 እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል። ረዳቴ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመደው።

የሚያናድድ ነገር የለም አልልም። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ ሊኑክስ ላይ የለም። አማርኛ የምጽፈው አይባስ በተባለ የሊኑክስ መጻፊያ ነው፤ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ድምፅ እየነኩ መጻፍ ስለሆነ ይለመዳል። ራስ ምታቱ የድሮ ሰነድ ነው፦ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አሠራር) ባልሆነ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ፎንቱን አምጥቶ መጫን ግድ ነው። በዊንዶውሱ ኒያላ ፎንት የተጻፈውም፣ በወርድ ፈንታ በምጠቀምበት ሊብሬኦፊስ ላይ ፎንቱ ስለሚቀየር ገጹ ይንሸራተታል፤ ማውጫው ገጽ 12 ያለው ርዕስ 13 ላይ ይገኛል። ስለዚህ ደንበኞቼን «ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አምጡ» እላለሁ። የባነርና የሠርግ ካርድ ዲዛይን ማሽኔ ለፎቶሾፕ ሲባል ዊንዶውስ ላይ ቆይቷል፤ የደንበኛ ፍላሽ ግን እዚያ ማሽን ላይ አይሰካም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያም አለኝ። ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም የሚል ሰው ካለ አትመኑት። የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስነሳውን ዋይን የጫነ ሰው ለአንዳንዱ ቫይረስም በር ከፍቷል፤ እኔ ደንበኛ በማስተናግድበት ማሽን ላይ አልጫንኩትም። ወርድ ፋይል ውስጥ በማክሮ (ሰነዱ በያዘው ትእዛዝ) የተደበቀ ቫይረስም ሚንት ላይ ጉዳት ባያደርስ፣ ተገልብጦ ደንበኛው ቤት ሲደርስ ሊነሳ ይችላል። ፍላሽ ያጸዳሁለትን ሰው ሁሉ «የቤትዎም ኮምፒውተር ተይዞ ይሆናል፣ ያስዩት» ሳልለው አልሸኘውም።

እዚሁ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ይህን ሥራ የምትሠሩ፣ መጀመሪያ ሳትጭኑት ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። የራሳችሁን ፕሪንተርና ስካነር ሰክታችሁ እዩ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኙና ዳታውን አጋሩ፣ ከዚያ ሚንት ውስጥ ያለውን ድራይቨር ማኔጀር ክፈቱ፤ የጎደለውን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያቀርብላችኋል።