የኪንግ ሁ «ኤ ተች ኦፍ ዜን» በ4ኬ ታድሶ

ይህን የዳይሬክተር ኪንግ ሁን የሰይፍ ፍልሚያ ፊልም ለዓመታት የማውቀው በደበዘዘ ቅጂ ነበር። በ4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥርት ባለ ምስል፣ የታደሰውን የብሉ ሬይ ዲስክ ሳይ ደስታም ንዴትም ተቀላቀለብኝ። እስከዛሬ ሲያሳዩን የኖሩት ምን ነበር?

ፊልሙ 3 ሰዓት ያህል ነው። ሰይፍ እስኪመዘዝ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ታገሱት! የቀርከሃው ጫካ ፍልሚያ ሲመጣ ሁሉንም ይክሳል። ብርሃኑ በቅጠሎቹ መሃል ሲገባ፣ ዋና ተዋናይቷ ሹ ፌንግ ከላይ ስትወረወር፣ ቁርጥራጭ ምስሎቹ ዓይንን እየቀደሙ ሲያልፉ፣ ዛሬም ትንፋሽ ያሳጥራል። ድሮ ጥቁር ብቻ በነበሩት የሌሊት ትዕይንቶች ላይ አሁን የሰው ፊት ይለያል።

እኛን አድናቂዎቹን የሚያንገበግበን ኪንግ ሁ የተያዘበት መንገድ ነው። ታይዋን ውስጥ ፊልሙን ለሁለት ከፍለው እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 አወጡት፤ ገበያም አልቀናው። በ1975 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲሸለም ነው ዓለም ዞር ብሎ ያየው። ኪንግ ሁ ግን በ1997 ሲያርፍ፣ አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ስለዘረጉ ቻይናውያን ሊሠራ ብዙ የለፋበት ፊልም ገና አልተቀረጸም ነበር። ያሳዝናል። የእድሳቱን ወጪ የሸፈነችው ራሷ ሹ ፌንግ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

ድምፁ የድሮ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) ስለሆነ ከስፒከራችሁ ተአምር አትጠብቁ። በስልክ ግን አትዩት፤ ትልቅ ስክሪን ፈልጉለት።