«የፕሮፌሽናል» ተብሎ የሚሸጥ የትራምፔት ማውዝፒስ፦ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ ተበላ። ልጁ ገና 17 ዓመቱ ነው፤ ትራምፔት ከጀመረ ዓመት ከምናምን ቢሆነው ነው። አጎቱ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ያጠራቀማትን 8,500 ብር ቴሌግራም ላይ ለሚሸጥ ሰው ላከና አንድ ማውዝፒስ፣ ማለትም ከንፈር ገጥሞ የሚነፋበትን የትራምፔት አፍ፣ ገዛ። ማስታወቂያው «ኦሪጅናል 3ሲ፣ የፕሮፌሽናል፣ በሁለት ሳምንት ሃይ ኖት» ይላል፤ 3ሲ የማውዝፒስ መጠን ነው፣ ሃይ ኖት ደግሞ በጣም ከፍ ያለው ኖታ። ቅዳሜ ለልምምድ ሲመጣ ከኪሱ አወጣና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ለመናገር ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ዓይነት ማስታወቂያ በየግሩፑ አየሁት። ለዚህ ነው የምጽፈው። ትራምፔት የሚማር ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ራሳችሁም የምትነፉ፣ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ትራምፔቴ ላይ ሰካሁት። ማውዝፒሱ ወደ ትራምፔቱ የሚገባበት ቀጭኑ እግር ሻንክ ይባላል። ልኩ የሆነ ሻንክ ሁለት ሳንቲም ተኩል ያህል ይገባና ቀጥ ይላል። ትንሽ ጠምዘዝ ስታደርጉት ይነክሳል። የልጁ ግን ስርግ ብሎ ገባ። ጫፉን ይዤ ሳነቃንቀው ይወዛወዛል። ለካ የኮርኔት ሻንክ ነው! ኮርኔት ትራምፔትን ቢመስልም የማውዝፒሱ እግር ያጥራል፣ ይቀጥናልም።

ልጁ ይህንኑ ለሻጩ ጽፎለት ነበር። መልሱን ስልኩ ላይ አሳየኝ። «ቴፍሎን ጠቅልልበት፣ ይይዝልሃል» ይላል። የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀልለውን ነጭ ቴፍሎን ማለቱ ነው። ቴፍሎኑ መወዛወዙን ያስቆም ይሆናል። ችግሩ ግን ሌላ ነው። በሻንኩ ጫፍና ማውዝፒሱን በሚቀበለው የትራምፔቱ ቱቦ (ሊድ ፓይፕ) አፍ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች፤ በተለምዶ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነች። ይህች ክፍተት ስትበላሽ ትራምፔቱ ይታመማል። አንዱ ኖታ ከፍ ይላል፣ አንዱ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ከአፍ ላይ ያመልጣል። ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ከንፈሬ ነው የደከመው» እያለ ራሱን ሲወቅስ ነበር። ከብሩ ይልቅ የቆጨኝ ይሄ ነው።

ቀጥዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ በጉሮሮው አየሁ። ከንፈር ከሚነፋበት ጎድጓዳ፣ ከካፑ፣ ሥር ያለችው ቀዳዳ መሀል ለመሀል መሆን አለባት። ይህቺ ወደ አንድ ጎን ሄዳለች፤ ጠርዟም ላይ ያልተጠረገ የብረት ፍቅፋቂ ቀርቷል። ባክ የሚባለው ታዋቂ ሠሪ ማውዝፒስ መደበኛ የጉሮሮ ስፋት 3.66 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የ3.5 ፑንታ በለስላሳው ጫፉ ብታስገቡበት ሳይታገል ያልፋል። ከጎረቤት አናጺ ፑንታ ተውሰን ሞከርነው። አላልፍም ብሎ ቆመ። ልጁ ዝም ብሎ ያያል። እኔም ዝም አልኩ።

ሪሙ ላይ ጥፍሬን በዝግታ አዞርኩ፤ ከንፈር የሚያርፍበት ክቡ ጠርዝ ማለቴ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሬ ተያዘ። በዓይን የማትታይ ጭረት ናት። ከንፈር ግን ያገኛታል። ግማሽ ሰዓት ሲነፋባት ቆዳውን ትቆርጣለች።

ቅቡም ሌላ ጉድ ነው። ደህና ማውዝፒስ ከናስ ይሠራና ሲልቨር ይቀባል። ሲልቨር ቆዳቸውን የሚያስቆጣቸው ሰዎች ወርቅ ቅብ ይገዛሉ። የልጁ ላይ ግን ቅቡ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተልጦ ቢጫው ናስ ብቅ ብሏል። ከንፈሩ ዙሪያ ቀይ ክብ ወጥቶበታል፤ «ያሳክከኛል» ይላል። ቅቡ የለቀቀ ማውዝፒስ ላይ መንፋት ይቅርባችሁ። ኒኬልም የማይስማማው ቆዳ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማታለያ ልምጣ። ሻጩ ልጁን ያሳመነው በቁጥር ነው። «7 የጀማሪ ነው፣ 3 የፕሮፌሽናል፣ 1 የማስተር» ብሎታል። ይህንን ወሬ ከአንዳንድ ነፊዎችም አፍ ሰምቼዋለሁ። ፍጹም ስህተት ነው። ቪንሰንት ባክ የሚባል ኦስትሪያ የተወለደ ትራምፔት ነፊ በ1918 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ማውዝፒስ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ሁላችንም የምንጠራቸው 7ሲ፣ 5ሲ፣ 3ሲ ከእሱ አቆጣጠር የመጡ ናቸው። በባክ ቁጥሩ ሲያንስ ካፑ ይሰፋል። ፊደሉ ጥልቀቱን ይናገራል፦ ኤ ጥልቅ ነው፣ ሲ መካከለኛ፣ ኢ ደግሞ ጥልቀት የሌለው። ያማሃና ሺልኪ የሚባሉት ሠሪዎች ጋ ስትሄዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ካፑ ይሰፋል። የደረጃ ነገር የትም የለም። የባክ 7ሲ ስፋት 16.20 ሚሊ ሜትር፣ የ3ሲ 16.30 ነው። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ! ማንም ሰው በዚህ ከጀማሪነት ወደ ባለሙያነት አይሻገርም። ስም የሌለው ኮፒ ላይ ደግሞ «3ሲ» ተብሎ መጻፉ ራሱ ምንም አይነግራችሁም። ማሽን ያለው ሁሉ የፈለገውን ቁጥር መቅረጽ ይችላል።

«ሃይ ኖት ያወጣል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስላለበት የበለጠ ያታልላል። ካፑ ጥልቀት ሲቀንስ ድምፁ ይሳላል፣ ይደምቃል፤ ላይ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚነፋ ሰውም ድካሙ ይቀልለታል። በትልቅ ባንድ ሊድ፣ ማለትም ላይኛውን መስመር እየመሩ፣ የሚነፉ ሰዎች ሺልኪ 14ኤ4ኤን የመሰለ የሚይዙት ለዚህ ነው። እነሱ ግን ኖታውን በትንፋሽና በዓመታት ልምምድ ቀድመው አግኝተውታል። ጀማሪ ሲይዘው ከንፈሩ የካፑን ወለል ይነካል። ያኔ ድምፁ ድርግም ይላል። የታችኞቹ ኖታዎች ይሳሳሉ፣ መሀሉ ይጮኻል።

ለእኛ ሙዚቃ ደግሞ መሀሉ ሁሉ ነገር ነው። ትዝታን አስቡት። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ረጅም፣ ልብ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ይፈልጋል። እኔ ማውዝፒስ ስሞክር መጀመሪያ ሃይ ኖት አልነካም። ትዝታን ከመሀል ጀምሬ በጣም ዝቅ አድርጌ እነፋለሁ። ድምፁ ሳይሰበር ከተነሳ፣ ሳይሰበርም ከጠፋ፣ ያ ማውዝፒስ ተስፋ አለው።

ያስተማሩኝ ጋሽዬ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ዕድሜያቸውን የነፉ ሰው ነበሩ። አዲስ ማውዝፒስ ይዤ ስመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጡና «አሮጌውንም አዲሱንም ንፋልኝ፣ የቱ መሆኑን እንዳትነግረኝ» ይሉኝ ነበር። ብዙ ጊዜ አሮጌውን ይመርጣሉ። ነፊው ራሱን የሚሰማው ከትራምፔቱ ኋላ ሆኖ ነው፤ ሰው የሚሰማው ድምፅ ሌላ ነው። ስለዚህ ስትሞክሩ ጆሮ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ላይ ያለ ቱነርም ይጠቅማል። የራሳችሁን ትራምፔት መያዝ አትርሱ፤ በሻጩ ትራምፔት ላይ የገጠመ በእናንተው ላይ ላይገጥም ይችላል። ከመንፋታችሁ በፊት በሳሙና እጠቡት።

የመጀመሪያውን ቀን ስሜት አትመኑ። አዲስ ማውዝፒስ ሁልጊዜ ደስ ይላል፤ ከንፈር ለውጥ ይወዳል። በሳምንቱ ሲደክማችሁ ነው እውነቱ የሚወጣው። እኔ የምፈርደው ሁለት ሰዓት ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ ከንፈሬ ዝሎ ሳለ ነው። ያኔ ኖታውን በምላሴ ስጀምረው ቶሎ ይመልሳል? ከታች ወደ ላይ ሳልቆርጥ ስንሸራተት ይከተለኛል? ሪሙ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ ለጽናት ይረዳል፣ ግን ከኖታ ወደ ኖታ መዝለሉን ያከብደዋል። ክብ ሪም ተቃራኒው ነው። የቱ እንደሚሻል ከንፈራችሁና ጥርሳችሁ ይወስናሉ፤ የጓደኛችሁ ምርጫ ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ምንም አትግዙ። ከትራምፔቱ ጋር የመጣው 7ሲ ወይም የያማሃ 11ቢ4 ለዓመታት ይበቃችኋል። ድምፁ ከተበላሸ መጀመሪያ ቫልቩን፣ የውሃ ማፍሰሻውን ቡሽና የራሳችሁን አተነፋፈስ እዩ።

የግድ መግዛት ካለባችሁም ሳትሞክሩ ብር አትላኩ። «መሞከር አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተዉት። ደረሰኝ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርላችሁ ወይም ብራችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ያለ ደረሰኝ ግን ከማን እንደገዛችሁ ማስረዳት መከራ ነው። የእኛ ልጅ ደረሰኝ አልነበረውም። ብሩን እንዲመልስለት ሲጽፍለት ሻጩ መጀመሪያ «የተሸጠ አይመለስም» አለ፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረገው።

ማስታወቂያው እስከ ትናንት ማታ ድረስ አልወረደም። ፎቶው ላይ ማውዝፒሱ ከፊት ለፊት ብቻ ነው የሚታየው፤ ሻንኩ አይታይም። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ካያችሁ የሻንኩን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አስጠግቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ልጁ ወደ 7ሲው ተመልሷል። ከንፈሩ እስኪድን አንድ ሳምንት አሳረፍኩት፤ ያለፈው ቅዳሜ ትዝታን ከመሀል ጀምሮ ነፋልኝ።