ላንጋኖ፦ ሰርቪሱ ለዲያስፖራ እንዴት ነው?

ባሕር በሌለው አገር «ቢች እንሂድ» ሲባል ላንጋኖ ሐይቅ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት የወጣ ሰው ምሳውን ውሃ ዳር ይበላል። ከውጭ ለመጣ ዲያስፖራ ዘመድ ጥየቃውና ሰርጉ ካለቀ በኋላ ትርፍ ቀን ስትገኝ ጥሩ መዝናኛ ነው። እኔም ዘንድሮ ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ሄጄ ነበር። ደስ ያለኝንም ያበሳጨኝንም ልንገራችሁ።

መኪና ከነሹፌሩ ነው የተከራየነው። ስትዋዋሉ ነዳጁ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ፣ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ ቀድማችሁ ጨርሱ። ዋጋ ሲጠራላችሁ ርካሽ ከመሰላችሁ ከእነዚህ አንዱ ተረስቷል ማለት ነው። የእኛ ሹፌር ሁሉንም ገና ሳንነሳ አንድ በአንድ ቆጥሮ ነግሮናል፤ በኋላ የተነሳ ጭቅጭቅ አልነበረም። የመንገዱንም ሁኔታ ቀድሞ ስልክ ደውሎ አጣርቶ ነው የመጣው። እናንተም አጣሩ።

እስከ ባቱ፣ ማለትም እስከ ዝዋይ፣ ፈጣን መንገድ ስላለ ጉዞው አይሰለችም። ከባቱ በኋላ ግን እኛ የሄድነው በአሮጌው አስፋልት ከአህያ፣ ከባጃጅና ከከብት ጋር እየተጋፋን ነው። ባቱ ላይ ሳትቆሙ እንዳታልፉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እዚያው ይገፉታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ጥብሱ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ጠርዙ ድርቅ እስኪል በስሎ፣ ከዳጣ ጋር ይመጣል። የጉዞው ምርጥ ምግብ ይሄ ነበር፤ ሪዞርቱ ካቀረበልን ቡፌ ጋር አይወዳደርም።

ወደ ሪዞርቱ ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ክፍሉን በስልክ ነው የያዝነው፤ ቀብዱን ወንድሜ በባንክ አስገባ። የአገር ውስጥ ሒሳብ ለሌለው ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያለ ቦታ መያዝ ከባድ ነው፤ የዘመድ ስልክ ያስፈልጋል። ስንደርስ ሐይቁ ፊት ለፊት የያዝነው ክፍል ለአንድ ድርጅት ስብሰባ ተሰጥቷል። ሪሴፕሽን ላይ የነበረው ልጅ ኮምፒዩተሩን እያየ «ሲስተም ላይ አይታየኝም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። የባንኩን ደረሰኝ ብናሳየውም ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሱም።

ጉዳዩን የፈታችው ክፍል የምታጸዳው ልጅ ናት። «እህቴ፣ ግድ የለም፣ ጥግ ላይ ያለችውን ላሳይሽ» ብላ ወሰደችኝ። ክፍሏ ትንሽ ናት፤ ግን ውሃው ይታያል። እዚያው ጠረገች፣ አንሶላ ቀየረች፣ አጎበሩን ቀዳዳ እንዳለው ወደ ብርሃን ዘርግታ አየችና ሰቀለችው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን የወባ ነገር አይናቅም። ለእግር መታጠቢያ በረንዳው ላይ በሳፋ ውሃ አስቀመጠችልን። አሸዋ ወደ ቤት እንዳይገባ ነው። ማንም ሳያዛት በየጠዋቱ ትቀይረው ነበር። ቆይታችን በሙሉ እንደዚህ ሆነ፤ ሲስተም የሚባለው ያበላሸውን ሰው ያቃናዋል። ቲፕ የምትሰጡ ከሆነ ሒሳቡ ላይ አትተዉት፣ በእጃቸው ስጧቸው።

ስለ ሒሳብ ካነሳን፣ ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 1,000 ብር የተባለው 1,265 ሆኖ ይመጣል። «ቫትና ሰርቪስ ተካቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያችሁን ያዙ። እኔን በዶላር ሊያስከፍሉኝ አስበው ነበር፤ ቢጫዋን ካርድ ሳሳያቸው በብር ተስማማን።

አሁን ውሃው። መጀመሪያ ያየ ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ልክ ሻይ በወተት ይመስላልና። ቆሻሻ ግን አይደለም። ደቃቅ የሸክላ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው፤ ንፋሱ ደግሞ እያማሰለ እንዲጠል አያደርገውም። ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን ነው ሰው ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይልቅ እዚህ ደፍሮ የሚዋኘው። ነጭ ልብስ ለብሳችሁ እንዳትገቡ ብቻ፤ የወንድሜ ልጅ ቲሸርት ቡኒ ሆኖ ቀርቷል። ፀሐዩም አይምርም። ቦታው ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳይሞቃችሁ ቆዳችሁ ይላጣል።

ቅዳሜ ዳርቻው ሌላ ዓለም ነው። የአዲስ አበባ ወጣት በሚኒባስ ይወርዳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ኳስ ይመታል፣ ፈረስ ይከራያል፣ ጄት ስኪው ይጮኻል። ማታ እሳት ተለኩሶ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው። መብራት ሲጠፋ እንኳን ጀነሬተሩ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዲጄው ይመስለኛል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ውጭ አገር እንዲህ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያብድ ቢች የት ይገኛል? እንቅልፍ የሚፈልግ ሰው ግን ቅዳሜን ይዝለል።

ጀልባው ላይ ትንሽ ልቆይ። ዋጋ ድርድር ነው፤ ለመላው ጀልባ ነው ወይስ በሰው ብላችሁ ጠይቁ። ላይፍ ጃኬቶቹ አሮጌ ነበሩ፤ ከልጆቹ ጃኬቶች የአንዱ ማሰሪያ ተሰብሯል። ጀልባ ነጂው ሳይነገረው አይቶ በገመድ አሰረለት፣ ደግሞም ጎትቶ ፈተሸው። ከምሳ በኋላ እንደገና ውሰደን ብንለው እምቢ አለ። ወንድሜ እጥፍ ሊከፍል ተነሳ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ ይቅርብኝ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ይሄ ውሃ አይታመንም» አለው። ብዙም ሳይቆይ ማዕበሉ ዳር ያለውን ወንበር ሁሉ ይመታ ጀመር። ዳርቻው ላይ ዋናተኛ የሚጠብቅ ሰራተኛ አላየሁም፤ ስለዚህ ልጅ ያላችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ለመዋኘትም ለጀልባም ጠዋቱ ይሻላል።

ትርፍ ሰዓት ካላችሁ ከዋናው መንገድ ማዶ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰጎኖቹን በር አካባቢ ታገኛላችሁ፤ ሻላ ሐይቅ ዳር የሚፈላ ፍል ውሃ አለ። የአብያታ ሐይቅ ውሃ ግን በጣም ሸሽቷል። ፍላሚንጎዎቹን ለማየት ረጅም መንገድ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ጭቃው ላይ መኪና እንዳትነዱ፤ የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) የት እንደሚረገጥ ያውቃል፣ ክፍያውም ይገባዋል።

ድጋሚ እሄዳለሁ ወይ? አዎ፣ በሥራ ቀን። ዋጋው ይቀንሳል፣ ክፍልም ለስብሰባ አይነጠቅም። የወንድሜ ልጆች ግን ቅዳሜ ካልሆነ አንሄድም ብለዋል፤ ገና እየተደራደርን ነው።